ከድብኝት እስከ ካቢኔት

የታሪክ መጻሕፍታችን እልፍኙን እንጂ ማጀቱን አያውቁትም፡፡ ግብሩ በማን ዘመን እንደ ደመቀ፣ ጠጁ በስንት ጋን እንደ ተጣለ፣ ማን በማን ቀኝ እንደ ተቀመጠ በዝርዝር ይነግሩናል፤ ዱቄቱ በምን ውስጥ እንዳደረ፣ እህሉ ከነቀዝ እንዴት እንደ ተጠበቀ፣ ይህን ሁሉ የያዘውን ዕቃ የማን እጅ እንደ ሠራው ግን አይነግሩንም፡፡ ስለዚህም አንድ ሰው ተነሥቶ «በሰሜን ተራሮች ግርጌ የወጥ ቤት ካቢኔት የሚሠራ ኩባንያ እንዴት ተወለደ? እንዴትስ አደገ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገላብጠው ዜና መዋዕል የለውም፡፡

ጥያቄው እንግዳ ቢመስልም የሚያስነሣው መንገዱ ራሱ ነው፡፡ ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ ዳባትን ዘልቆ ደባርቅ የሚገባ መንገደኛ በየከተማው ዳር በቆርቆሮ የተከለሉ የእንጨት ሥራ ቤቶችን ያያል፡፡ በደጃፋቸው አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የበር ክፈፍ፣ ብፌ ተደርድሯል፤ ከውስጥ የመጋዝ ድምፅ ይሰማል፤ ሰጋቱራው ከመንገዱ አቧራ ጋር ይቀላቀላል፡፡ ዛሬ በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ የወጥ ቤት ዕቃ ኩባንያዎች መካከል ከዚህ ብዙም በማይበልጥ ቤት የጀመሩ አሉ፡፡ ታዲያ የእኛዎቹ ለምን ከደጃፋቸው ሳይርቁ ቀሩ? ይህን በጠየቅሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ «ካፒታል የለም» የሚል ነው፡፡ እውነትነት አለው፡፡ እኔ ግን መልሱን ከገንዘቡ በፊት በነበረ ቦታ እፈልገዋለሁ፤ በጓዳ፡፡

ቃሉም ቢሆን ወደዚያው ይመራናል፡፡ በእኛ ዘንድ «ካቢኔ» ሲባል አስቀድሞ የሚታወሰው የወረዳ ሹማምንት ስብሰባ ነው (ደባርቅ ላይ «ካቢኔ ላሠራ ነው» የሚል ሰው ቢገጥምዎ ሹመት ያከፋፍላል ብለው እንዳይደነግጡ)፡፡ የመንግሥቱ ካቢኔና የወጥ ቤቱ ካቢኔት ግን ከአንድ የፈረንጅ ቃል የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፡፡ የቃሉ የጥንት ፍች ትንሽ የውስጥ ክፍል ማለት ነበር፤ ንጉሥ ከምስጢረኞቹ ጋር የሚመክርባት፣ ውድ ዕቃም የሚቀመጥባት ክፍል፡፡ አማርኛችን ለዚህ ቃል አጥቶ አያውቅም፤ ጓዳ ይለዋል፡፡ ጓዳም እህልን ከምስጢር ጋር አብሮ ይይዛል፡፡

የመጀመሪያዎቹ ካቢኔት ሠሪዎችም የዚያች ጓዳ ባለቤቶች ነበሩ፤ ሴቶች ማለቴ ነው፡፡ በወገራና በሰሜን የገጠር ቤት ውስጥ ከእሳቱ ኋላ በጨለማው በኩል የሚቆመውን ጎታ የሠራችው የቤቱ እመቤት ናት፡፡ ልጅ ሳለሁ በዘመዶቼ ቤት ጎታ ለእኔ የድብብቆሽ ቦታ እንጂ የእጅ ሥራ መስሎ አይታየኝም ነበር፡፡ አሠራሩን ያስተዋልሁት ኋላ ነው፡፡ አፈሩ ተመርጦ ይመጣል፤ ጭድ ይጨመርበታል፤ እበት ይገባበታል፤ ውኃ ተደርጎ በእግር ይረገጣል፤ እንዲቦካም ጥቂት ቀን ይተዋል፡፡ ከዚያ ግድግዳው ዙር በዙር ይወጣል፡፡ አንዱ ዙር ጠንከር ሳይል ሁለተኛው አይደረብበትም፤ የቸኮለች ሴት ጧት ስትነሣ የትናንት ድካሟ ጎብጦ ወይም ተቀምጦ ይጠብቃታል፡፡ በክረምት ስለማይደርቅ ሥራው የበጋ ነው፡፡ ያለቀ ጎታ ሲታይ ከሴቲቱ ቁመት ይበልጣል፤ ከበሩም ይሰፋል፡፡ ቤቱ ውስጥ ተወልዶ ቤቱ ውስጥ የሚሞት ዕቃ ነው፡፡

ከእርሱ አነስ የምትለው፣ ክዳን ያላት ድብኝት ትባላለች፡፡ በአጠገቧም ከግድግዳው ጋር አብሮ የተለሰነ መደብ አለ፤ ገንቦው፣ ድስቱና ቅሉ ይቀመጡበታል፡፡ በላይ ቆጥ ይዘረጋል፤ ዶሮውም ዕቃውም ጢሱን እየሞቁ ያድሩበታል፡፡ ዛሬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ «ከግድግዳ ጋር አብሮ የተሠራ ማከማቻ» ብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፡፡ ልኩም የሠሪዋን አካል የተከተለ ነበር፡፡ የመደቡ ከፍታ በጉልበቷ፣ የድብኝቷ ጥልቀት በክንዷ ይወሰናል፤ እጇ የማይደርስበት ሥር ካለ እህሉ እዚያው ይነቅዛልና፡፡

እዚህ ላይ ወደ ሩቅ አገር ልሻገር፡፡ በ1926 እ.ኤ.አ. ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል የኦስትሪያ ሴት አርክቴክት በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ለሚሠሩ የሠራተኞች ቤቶች አንዲት ትንሽ ወጥ ቤት ነደፈች፡፡ ስፋቷ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ነበር፡፡ እርምጃ ተቆጥሮ፣ የሥራው ጊዜ በሰዓት ተለክቶ፣ መሳቢያው፣ መደርደሪያውና የመክተፊያው ጠረጴዛ ተራ በተራ ተሰደረ፡፡ ወደ 10,000 የሚሆን ቤት በዚህችው ልክ ተሠራ፤ ዛሬ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚያያዘው ካቢኔት ሁሉ የዚህች ወጥ ቤት ልጅ ነው ይባላል፡፡ ከዝርዝሩ አንዱ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ የዱቄት መሳቢያዎቹን ከኦክ እንጨት አሠራቻቸው፤ ነፍሳት የኦክን እንጨት ይሸሻሉና፡፡ የወገራ እናቶችም የወተቱን ቅል በወይራ ጢስ የሚያጥኑት እንጨት ከመዓዛው በቀር የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ስለሚያውቁ ነው፡፡ ልዩነቱ አርክቴክቷ ወጥ ቤቱን ከመንደፏ በፊት ምግብ አብስላ እንደማታውቅ ራሷ መናገሯ ነው፤ የእኛዎቹ ግን የነደፉትን ራሳቸው ይበሉበት ነበር፡፡ የእርሷ ንድፍ ግን በወረቀት ላይ ስለ ሰፈረ 10,000 ጊዜ ተደገመ፡፡ የእናቶቻችን ልክ ከክንዳቸው አልወጣም፤ ልጅ እናቷን አይታ ከመሥራቷ በቀር ሁለት ጎታ አንድ ልክ ሆኖ አያውቅም፡፡

ጭቃው የሴቷ ሲሆን እንጨቱ የወንዱ ነበር፡፡ ሙቀጫው ከወይራ፣ ገበቴው ከዋንዛ ይፈለፈላል፤ ገበሬው በሥራ ፈት ወራቱ በርጩማ ይጠርባል፡፡ የሚጠርብበት ብረት ግን ከሌላ እጅ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው የታሪካችን ሕመም የሚጀምረው፡፡ በወገራ፣ በሰሜንና በደምብያ መጥረቢያውን የሚቀጠቅጡ፣ መሮውን የሚስሉ፣ ሸክላውንም የሚሠሩ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፡፡ እነዚህ ሰዎች በሰሜን አምባዎች ላይ የራሳቸው ገዥዎች ነበሯቸው፡፡ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1570ዎቹ፣ ዐፄ ሱስንዮስ ደግሞ በ1610ዎቹ ዓ.ም. ዘመቱባቸው፤ ከሽንፈቱም በኋላ ርስታቸውን እያጡ ሄዱ፡፡ መሬት የሌለው ሰው የቀረው እጁ ነው፤ በእጁም አደረ፡፡ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ተከታዮቻቸውም ግንቡን ሲያስፋፉ ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ መካከል የቤተ እስራኤል ልጆች እንደ ነበሩበት ታሪክ አጥኚዎች ጽፈዋል፡፡

የሚገርመው ይህ አይደለም፤ የሚገርመው ያንን ሁሉ የሠራ እጅ የተከፈለው ስም ነው፡፡ «ባለ እጅ» የሚለው ቃል ከምስጋና ሁሉ የሚበልጥ ምስጋና ሊሆን ይገባው ነበር፡፡ በአማርኛችን ግን ስድብ ሆኖ ኖረ፡፡ ቀን ማረሻ የሠራለትን ሰው ማታ «ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል» እያለ የሚፈራ ገበሬ፣ ማረሻውን ሳይወድ፣ ሠሪውን እየጠላ፣ ሁለቱንም ሳይተው ስንት ዘመን ኖረ! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ነገሩ በደረሰ ነበር፡፡ ዐዋጅ አፍን ይይዝ ይሆናል፤ ልጅን ለአናጺ የመዳር ልማድ ግን በዐዋጅ አይመጣም፡፡

ኩባንያ እንዲያድግ ከተፈለገ ደግሞ ይህ ጉዳይ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፡፡ ከዐዋጁ ቀደም ብሎ፣ በ1892 እ.ኤ.አ.፣ ፍሪደሚር ፖገንፖል የሚባል ጀርመናዊ አናጺ ወጥ ቤት የሚያሻሽል ዕቃ እሠራለሁ ብሎ አንድ ሥራ ቤት ከፈተ፤ ስሙንም በራሱ ስም ጠራው፡፡ እዚያ አገር ጥንት ጀምሮ አናጺ የራሱ ማኅበር፣ የራሱ የማዕረግ ደረጃ ነበረው፤ ልጅ ከሊቀ ጠበብቱ ሥር ተቀምጦ ይማራል፣ ተፈትኖ ይመረቃል፣ ስሙንም በበሩ ላይ ይጽፋል፡፡ የፖገንፖል ቤት በ1928 እ.ኤ.አ. ተያይዞ የሚቆም የተሻሻለ ወጥ ቤት አሳየ፤ ሁለት የዓለም ጦርነት አሳለፈ፤ ዕቃውን በብዙ አገር ሸጠ፡፡ ዘላለም ግን አልኖረም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ከስሮ በቻይና ባለሀብቶች እጅ ገባ፣ በ2024 ደግሞ እንደገና ኪሳራውን አስታወቀ፡፡ ይሁን እንጂ አንድ የአናጺ ስም ከ130 ዓመት በላይ በበር ላይ ቆየ፡፡ ከጎንደር እስከ ደባርቅ በዚያው ዘመን የሠሩ አናጺዎችን ስም ማን ይንገረን?

ባለ እጅነት የተከበረበት አጋጣሚ ጨርሶ አልነበረም አልልም፡፡ ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ በጃናሞራ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ያየ ሰው ያውቀዋል፡፡ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲያሠሩ ሺምፐርና ዛንደር የሚባሉ ጀርመናውያንን እስከ መቅጠር ደርሰዋል፤ አንደኛው የዕፀዋት ሊቅ፣ ሁለተኛው ሠዓሊ ነበር፡፡ ውቤ ዘውድ ይደፉባታል ተብላ የታሰበችው ያች ቤተ ክርስቲያን ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. የአሸናፊያቸውን የካሣን ዘውድ አየች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ እዚያው ነገሡ፡፡ ከቴዎድሮስ በላይ ባለ እጅን የፈለገ ንጉሥ የለም፤ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ያዋሉት ግን መድፍ ለማስቀለጥ ነው፡፡ በአገራችን ለመድፍና ለመቅደስ የሚሆን ጥበብ ባለቤት አጥቶ አያውቅም፤ ለማጀት የሚሆነው ነው ያጣው፡፡

ከዚያ መንገዱ መጣ፡፡ ሊማሊሞ ከጥንት የነጋዴ መውጫ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ በዚያው ገደል ነው የወጣው፡፡ መኪና የሚወጣው ጥምዝምዝ መንገድ ግን ጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ነው፡፡ ወልቅፊት ላይ የነበረው ጦራቸው በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጥቶ ሲሄድ መንገዱን ትቶልን ሄደ፤ ቃላቱንም፡፡ ዛሬ በደባርቅ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገብቶ ጆሮውን የሰጠ ሰው የሚሰማው ግማሹ ጣልያንኛ ነው፡፡ ሰጋቱራ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ሞራሌ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኮላ፡፡ መሮውና መዶሻው ብቻ በጥንት ስማቸው ቀሩ፡፡ (የቋንቋ ሰዎች ይህን ዝርዝር አንድ ቀን በሥርዓት ቢሰበስቡት ከብዙ የጦርነት ታሪክ የተሻለ ይናገራል ባይ ነኝ፡፡)

በዚያ መንገድ ጠረጴዛና ወንበር ወጣ፤ ከነርሱ ጋር ብፌ፡፡ ብፌ ለአገራችን የመጀመሪያው የእንጨት ካቢኔት ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም፡፡ ነገር ግን የት እንደ ቆመ ልብ ይሏል፡፡ ወጥ ቤት አይደለም፤ ሳሎን ነው፡፡ መስታወት ተገጠመለት፤ ለእንግዳ የሚወጣው ብርጭቆና ሲኒ ተደረደረበት፤ በዳንቴል ተሸፈነ፡፡ ማድ ቤቱ እንደ ጥንቱ ከጓሮ፣ ከጢሱ ጋር ቀረ፡፡ ምክንያቱ ንቀት ብቻ አልነበረም፤ ጢስም ነው፡፡ ቀለም የተቀባና በኮላ የተጣበቀ እንጨት በየቀኑ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ውስጥ በጢሱ ይጠቁራል፣ በእንፋሎቱ ያብጣል፣ በሙቀቱ ይከፈታል፡፡ ጭቃ ግን ጢስን ይወዳል፡፡ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪገባ ድረስ ጎታንና ድብኝትን ከወጥ ቤት የሚያስወጣ ካቢኔት ሊኖር አይችልም ነበር፡፡ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ እሳት እዚያ ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ማደሪያም ነው፡፡

የእንጨቱስ ነገር? በተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው እንጨት አያጣም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፡፡ ደባርቅ ለዋንዛ ደጋ ይሆንበታል፤ ዋንዛ ከሊማሊሞ በታች፣ በአዲርቃይ በኩልና በደምብያ ነው የሚበጀው፡፡ በላይ ያሉት ኮሶ፣ ጽድ፣ ወይራና አስታ ናቸው፤ እነርሱም በእርሻና በማገዶ ሳስተው የተረፈው በፓርኩ ውስጥ ነው፡፡ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ታወጀ፤ በ1970 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው፡፡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 94 ደግሞ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከተጠበቁ ደኖች መቁረጥ ከለከለ፡፡ ትክክል ነበር፤ ማንም ጤነኛ ሰው አይቃወመውም፡፡ አናጺው ግን የአባቶቹን አራት ምርጥ እንጨቶች በአንድ ወረቀት አጣ፡፡ የቀረለት ባሕር ዛፍ ነው፡፡ ባሕር ዛፍ ለምሰሶና ለማገር የማይገኝለት ነው፤ ለካቢኔት በር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ዛሬ የገጠመ በር ከርሞ አይዘጋም፡፡ ለዚህ መፍትሔው ባሕር ዛፉን ፈጭቶ፣ በሙጫ አቡክቶ፣ በማተሚያ ጨምቆ ቺፑድ ማድረግ ነው፤ በማይጨው ይህን የሚያደርግ ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር፡፡ ፈጭቶ፣ አቡክቶ፣ ጨምቆ! ጎታ ሠሪዋ በጭድና በጭቃ የምታደርገው ይህንኑ አልነበረምን?

አናጺው እንጨቱን ሲያጣ የመሣሪያውን ባለሙያ ደግሞ አጥቷል፡፡ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነው፣ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ፡፡ ስለ ጉዞው ብዙ ተጽፏል፤ ከኋላቸው ስለ ቀረው ወናፍ የጻፈ ግን አላየሁም፡፡ ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቁ መንገድ ዳር ባለችው ወለቃ ስማቸውና የሸክላ ቅርጻቸው ለቱሪስት ቀረ፡፡ በወገራና በሰሜን መንደሮች ግን ማረሻ የሚሞርድ፣ መጥረቢያ የሚያሰላ ሰው ፍለጋ ረጅም መንገድ የሚሄድ ገበሬ ነበር፡፡ ለዘመናት በስድብ ሲሸኝ የነበረ ባለ እጅ አንድ ቀን እውነት ሄደ፡፡ እኔ ስለ ኢንዱስትሪያችን አለማደግ በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህ ነው፤ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ወደ ሥራ ቤት፣ ከሥራ ቤት ወደ ፋብሪካ ሊያድግ የሚችልበት ሰንሰለት ካለ፣ በዚህ አካባቢ የተበጠሰው እዚያ ላይ ነው፡፡

ኩባንያዎቹ በሌላ ቦታ ተወለዱ፡፡ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር፣ ወጥ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብዙ ሺህ ተራ ቤተሰብ ከጓሮ ተነሥቶ ከሳሎን ጎን መጣ፡፡ ቤቱን የተረከበው ሰው ካቢኔቱን ራሱ ማሠራት ነበረበት፡፡ ያኔ ከውጭ የሚገባው ኤም ዲ ኤፍ በየሱቁ ተደረደረ፤ ፈርኒቸር ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ፤ ትልልቆቹም በማሽን የሚቆርጡ፣ በማሽን የሚለጥፉ ሆኑ፡፡ በሚድሮክ ሥር ያለው አንደኛው የፈርኒቸር ኩባንያ ስሙ «ዋንዛ» ነው፡፡ ዛፉ ከአገሩ እየጠፋ ስሙ በአዲስ አበባ በፋብሪካ በር ላይ መውጣቱ ይገርመኛል፤ ስም አውጪው ግን ጥሩ ጆሮ ነበረው፡፡

ደባርቅና ዳባትም ከዚህ ማዕበል የድርሻቸውን አግኝተዋል፡፡ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ብድርና የመሥሪያ ቦታ እየተሰጣቸው እንጨት ሥራ ገቡ፡፡ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ዩኒቨርሲቲዋም ተማሪ መቀበል ጀመረ፡፡ ሠራተኛ መጣ፣ ብሎኬት ቤት በዛ፣ ወጥ ቤቱ ከቤት ውስጥ ገባ፡፡ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከፓርኩ ውስጥ የግጭ መንደር ሰዎች ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረው ነበር፡፡ የግጭን ነገር ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጎታው ነው፡፡ ምንጣፍ ይጠቀለላል፣ ገንቦ ይታዘላል፣ ከብት ይነዳል፤ ጎታ ግን ከበሩ አይወጣም፡፡ የእናት፣ የአያት ክንድ የለካው ዕቃ ሁሉ እዚያው በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ከቤቱ ጋር ፈረሰ፡፡ ከተማ የገባችው ሴት ለእህሏ ማዳበሪያ ጆንያና የፕላስቲክ በርሜል ገዛች፡፡

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሊማሊሞን ወጥቶ እስከ ደባርቅና ዳባት ዳርቻ ደረሰ፤ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት ሰላማዊ ሰዎች በግፍ ተገደሉ፤ ጎታ ተራቆተ፡፡ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው፡፡ ቺፑድ የሚጭን መኪና ሲቀር ሥራ ቤቱም ይዘጋል፡፡ ይህን በአንድ አንቀጽ ማለፌ ቀላል ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚጽፉት ሌሎች ስላሉ ነው፡፡

እኔ ወደ ልኩ ልመለስ፤ የነገሩ መጨረሻ እዚያ ላይ ነውና፡፡ ኩባንያ ማለት በእኔ አስተያየት ብዙ ገንዘብ ወይም ብዙ ማሽን ሳይሆን የተገኘ ልክ ነው፡፡ አንድ ጊዜ በደንብ የተለካ ነገር ወረቀት ላይ ወርዶ ሺህ ጊዜ ሲደገም ሥራ ቤት ኩባንያ ይሆናል፡፡ የእኛ ሥራ ቤቶች የሚደግሙት ልክ ግን የራሳቸው አይደለም፤ ከካታሎግ፣ አሁን አሁን ደግሞ ከስልክ ላይ ፎቶ የተቀዳ ነው፡፡ የፈረንጁ የታች ካቢኔት ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፡፡ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ስፋት ከዚሁ አያንስም፤ ጠርዙና እጀታው ሲጨመር አይገባም፡፡ መሶቡ ቁመቱ ከመደርደሪያው ይበልጣል፡፡ የሊጡ ባልዲ፣ የበርበሬው ማዳበሪያ፣ የቡናው ረከቦት ቦታ የላቸውም፡፡ በብዙ ብር የተሠራው ካቢኔት ሲኒና ሳህን ይዞ ያምራል፤ ምጣዱ ግን መሬት ላይ፣ ከበሩ ኋላ ተደግፎ ይቆማል፡፡ ብፌው ስሙን ቀይሮ ወጥ ቤት ገባ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም ለማለት ይቃጣኛል፡፡

ባለፈው ደባርቅ በነበርሁ ጊዜ በአንዱ ሥራ ቤት ጥቂት ቆሜ ነበር፡፡ ጠና ያሉ ሴት የምጣዳቸውን ክዳን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ፡፡ ወጣቱ አናጺ ስልኩን አውጥቶ «እትዬ፣ ይህን ይመልከቱት፤ ከነዚህ የወደዱትን ይምረጡ» አላቸው፡፡ ስልኩን አላዩትም፡፡ ክዳኑን ከነጠላው ፈተው፣ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ኤም ዲ ኤፍ መካከል አስቀመጡና፣ ከዚህ በታች በር አልፈልግም፣ ጥልቀቱም እስከዚህ ይሁን ብለው ከክዳኑ ጠርዝ አልፈው በስንዝራቸው ለኩለት፡፡ እርሱም ጥቂት ካሰበ በኋላ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ በክዳኑ ዙሪያ አሰመረ፡፡